የባሕሩን ሰዓት መጠበቅ፦ በሞቃታማ የባሕር ጠረፍ ፓርክ ወፎችን ስመለከት የተማርሁት

ወፎችን መመልከት የጀመርሁት ከባሕር በራቀ፣ በደን በተሸፈነ ስፍራ ነበር። እዚያ የሚሠራው ደንብ ቀላል ነው፤ ጎሕ ሳይቀድ መነሣት፣ ቀስ ብሎ መራመድ፣ ድምፅ ሲሰማ ቆም ብሎ ወደዚያው መዞር። ይህንኑ ልማድ ይዤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞቃታማ አየር ባለው የባሕር ጠረፍ ወደሚገኝ ፓርክ ስሄድ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ደርሼ ያየሁት ነገር ቢኖር ባሕሩ ሸሽቶ የተወው፣ እስከ አድማስ የተዘረጋ የጭቃ ሜዳና በዚያ ላይ ኑግ የተበተነ የሚመስሉ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ብቻ ነበር። ነጠብጣቦቹ ወፎች ነበሩ፤ ነገር ግን ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይርቁኝ ስለ ነበር የአንዱን ምንቃር ከሌላው ለመለየት አልቻልሁም። ልጠጋቸው ብዬ ወደ ጭቃው ስገባ እግሬ እስከ ቅልጥሜ ሰመጠ፤ ወፎቹም ተነሥተው የባሰ ራቁ። ይኸው ነገር ሦስት ቀን ተደጋገመ፤ በሦስተኛው ቀን ወደ ማደሪያዬ ስመለስ በማስታወሻ ደብተሬ ላይ የሰፈሩት በእርግጠኝነት የለየኋቸው ወፎች አራት ብቻ ነበሩ።

በአራተኛው ቀን ድካሜን ሲመለከቱ የሰነበቱ አንድ በዕድሜ የገፉ የፓርኩ ጥበቃ ጠጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ወፎቹን እግር በእግር ከምትከተላቸው፣ ቁጭ ብለህ ውኃውን ብትጠብቀው እርሱ ራሱ ያመጣልሃል» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ባሉት ዓመታት ወደዚያ ፓርክ ደጋግሜ ተመላልሻለሁ፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የእርሳቸው ምክር ማብራሪያ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የባሕር ውኃ በየዕለቱ ይሞላል፣ ይሸሻልም። ይህን የሚያደርገው በዋናነት የጨረቃ ስበት ሲሆን ፀሐይም የራሷን ድርሻ ትጨምርበታለች። በአብዛኞቹ የዓለም ጠረፎች ከአንዱ ሙላት እስከሚቀጥለው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ፣ በአንድ ቀንና ሌሊት ውስጥ ሁለት ሙላትና ሁለት ሽሽት ይኖራል፤ የዛሬው ሙላትም ከትናንትናው በ50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። በዚህ ስሌት ዛሬ ንጋት ላይ ሞልቶ የነበረ ባሕር ከሳምንት በኋላ በዚያው ሰዓት ሸሽቶ ይገኛል። ጨረቃ በምትወለድበትና ሙሉ በምትሆንበት ጊዜ አካባቢ ጨረቃና ፀሐይ በአንድ መስመር ሆነው ስለሚስቡ ሙላቱ ከፍ፣ ሽሽቱም ዝቅ ይላል፤ ጨረቃ ግማሽ ስትሆን ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል። ስለዚህ በደን ውስጥ «ማለዳ ሂድ» የሚለው ምክር ሁልጊዜ ሲሠራ፣ በባሕር ጠረፍ ግን አንድ ሰው ማለዳ በመነሣቱ ብቻ ምንም ላያገኝ ይችላል።

ለወፎቹ ይህ የውኃ መመላለስ የመብልና የዕረፍት ሰዓት ማለት ነው። ውኃው ሲሸሽ በጭቃው ውስጥ የሚኖሩት ትሎች፣ ቀንድ አውጣዎች፣ ትንንሽ ሸርጣኖችና ባለ ዛጎል እንስሳት ለምንቃር ተደራሽ ይሆናሉ፤ ወፎቹም በሰፊው ሜዳ ላይ ተበታትነው ይመገባሉ፤ ከተመልካችም ይርቃሉ። ውኃው ተመልሶ መሙላት ሲጀምር ግን ሜዳው በደቂቃዎች ልዩነት እየጠበበ ይሄዳል፤ ወፎቹም ከውኃው ጠርዝ ጋር እየተገፉ ወደ የብስ ይቀርባሉ፤ በመጨረሻም ውኃ በማይደርስበት የአሸዋ ወይም የዛጎል ክምር ላይ ተሰብስበው ያርፋሉ። ሙላቱ ጫፍ ላይ ከመድረሱ ሁለት ወይም ሁለት ሰዓት ተኩል ቀደም ብሎ በቦታው የተቀመጠ ሰው፣ በመጀመሪያው ቀን ነጠብጣብ ሆነው ያየኋቸውን ወፎች በሠላሳ ሜትር ርቀት ላይ ሲመገቡ ሊያያቸው ይችላል።

የሙላትና የሽሽት ሰንጠረዥ በወደቦች አካባቢ ታትሞ ይገኛል፤ በስልክ ላይ የሚጫኑ መተግበሪያዎችም አሉ። ሰንጠረዡ ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን የውኃውን ከፍታ ጭምር በሜትር ያሳያልና ይህችን ቁጥር ችላ ማለት አይገባም። እኔ በምሄድበት ፓርክ ሙላቱ መካከለኛ በሚሆንባቸው ቀናት በመቀመጫዬ ፊት ለፊት አንዲት ቀጭን የጭቃ ሰርጥ ሳትሸፈን ስለምትቆይ፣ የመጨረሻዎቹ ተመጋቢዎች ሁሉ በእርሷ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ሙላቱ እጅግ ከፍተኛ በሆነባቸው ቀናት ግን ሰርጧ ቀድማ ስለምትሰጥም ወፎቹ ፓርኩን ትተው ወደ ሌላ ማረፊያ ይበራሉ። ይህን የመሰለውን ነገር የትኛውም ሰንጠረዥ አይናገርም፤ በየጉብኝቱ «ከፍታው ይህን ያህል ነበር፣ ወፎቹ እዚህ ነበሩ» ብሎ በመመዝገብ ብቻ የሚገኝ እውቀት ነው። እንዲሁም ሁሉም ባሕር አንድ ዓይነት አለመሆኑን ማወቅ ይጠቅማል፤ በሜድትራንያን ባሕር አብዛኛው ክፍል በሙላትና በሽሽት መካከል ያለው ልዩነት እጅግ ትንሽ ስለ ሆነ የውኃውን ከፍታ ይበልጥ የሚለውጠው ነፋስ ነው፤ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ አንዳንድ ጠረፎችም በቀን አንድ ሙላት ብቻ ይታያል።

ከሙላቱ ቀጥሎ የሚታሰበው ፀሐይ የምትገኝበት አቅጣጫ ነው። ጠረፉ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ከሆነ የጠዋት ፀሐይ ከባሕሩ በኩል ስለምትወጣ ወፎቹ ሁሉ ቀለም የሌላቸው ጥላዎች ሆነው ይታያሉ፤ በእንደዚህ ዓይነት ቦታ ከሰዓት በኋላ የሚውል ሙላት ይመረጣል። ወደ ምዕራብ ለሚመለከት ጠረፍ ነገሩ በተቃራኒው ነው። ሙላቱም ብርሃኑም የሚስማሙባቸው ቀናት በወር ውስጥ ጥቂት ስለ ሆኑ፣ እኔ ሰንጠረዡን አይቼ እነዚያን ቀናት አስቀድሜ እመርጣለሁ፤ ያለ ምርጫ ከሄድሁባቸው አሥር ጠዋቶች ይልቅ አስቤ የሄድሁባቸው ሁለት ጠዋቶች የበለጠ አስተምረውኛል።

አቀማመጥን በተመለከተ ዋናው ነገር ወፎቹ ከመምጣታቸው በፊት ቀድሞ መገኘት ነው። ጀርባን ለቁጥቋጦ ወይም ለማንግሮቭ ዛፍ ሰጥቶ፣ ከሰማይ ጋር ጎልቶ የሚታይ የሰው ቅርጽ ሳይፈጥሩ ዝቅ ብሎ መቀመጥ ይበቃል። ወፎች የተቀመጠን ሰው ቀስ በቀስ እንደ አካባቢው አካል ይቀበሉታል፤ ወደ እነርሱ የሚራመደውን ግን ምንም ያህል ቢጠነቀቅ አይቀበሉትም። በአንድ የጥር ጠዋት ሳልንቀሳቀስ አንድ ሰዓት ያህል ከቆየሁ በኋላ፣ ከጫማዬ ጫፍ ሦስት እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ሁለት ትንንሽ ወፎች ትል ሲጎትቱ አየሁ፤ ባይኖኩላሬ በዚያ ርቀት ማሳየት ስላልቻለ በዓይኔ ብቻ ተመለከትኋቸው።

አሁን ወደሚከብደው ክፍል እገባለሁ። የጠረፍ ወፎች ለጀማሪ ተስፋ የሚያስቆርጡ ናቸው፤ ምክንያቱም በሞቃታማ ጠረፎች በብዛት የሚቆዩበት ጊዜ ከመራቢያ ላባቸው ወጥተው ሁሉም ከላይ ግራጫ ወይም ቡናማ፣ ከታች ነጭ የሚሆኑበት ወቅት ነው። እኔም በመጀመሪያው ዓመት በቀለም ልለያቸው ስሞክር ብዙ ደከምሁ። የረዳኝ ቀለሙን ትቼ አመጋገቡን መመልከቴ ነው። ፕሎቨር በሚል የወል ስም የሚጠሩት ወፎች ምንቃራቸው አጭር፣ ዓይናቸው ግን ትልቅ ነው፤ ምግባቸውን የሚያገኙት በማየት ስለ ሆነ ጥቂት ይሮጡና ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ዙሪያቸውን ቃኝተው በድንገት ጎንበስ ብለው አንድ ነገር ይለቅሙና እንደገና ይሮጣሉ። ሳንድፓይፐር የሚባሉት ግን አንገታቸውን ደፍተው፣ ሳያቋርጡ እየተራመዱ፣ ምንቃራቸውን እንደ ልብስ ስፌት መርፌ ወደ ጭቃው ይወጋሉ። የብዙዎቹ ምንቃር ጫፍ ንዝረትንና ግፊትን የሚለዩ ጥቃቅን የስሜት ሕዋሳት ያሉበት ስለ ሆነ፣ በዓይናቸው የማያዩትን ትል ጭቃው ውስጥ በመዳሰስ ያገኙታል። ይህን አንድ ልዩነት ብቻ የያዘ ሰው በፊቱ ያለውን መንጋ በሁለት ከፍሎ ማየት ይጀምራል፤ ግማሽ መንገዱን ሄዷል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ የምንቃር ርዝመት ይመጣል። ርዝመቱ የሚለያየው እያንዳንዱ ወፍ የሚደርስበት የጭቃ ጥልቀት ስለሚለያይ ነው፤ አጭሩ የላይኛውን ሽፋን ይለቅማል፤ መካከለኛው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ረጅሙ ደግሞ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖረውን ትልና ሸርጣን ጎትቶ ያወጣል። በአንድ ሜዳ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ወፎች አንዱ የሌላውን መብል ሳይሻማ ሊመገቡ የሚችሉበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እኔ ይህን ከተረዳሁ በኋላ ወፉን ሳይሆን በመጀመሪያ ምንቃሩን፣ ቀጥሎም ምንቃሩ ከጭንቅላቱ ርዝመት ጋር ያለውን ንጽጽር እጽፋለሁ።

አብዛኞቹ እነዚህ ወፎች በአማርኛ የተለመደ መጠሪያ የላቸውም። መጽሐፍ ላይ ያለውን የእንግሊዝኛ ስም እየደጋገምሁ ለመሸምደድ ብሞክር ስሙና ወፉ አልገናኝ ስላሉኝ፣ ከሥራቸው የተነሣ ስም አወጣሁላቸው። ሳንደርሊንግ የምትባለው ነጣ ያለች ትንሽ ወፍ ሞገዱ ሲመለስ ተከትላው ትሮጣለች፤ ሞገዱ ሲመጣ ቀድማው ትሸሻለች፤ እርሷን «ሞገድ ተከታይ» አልኋት። ባለ ብርቱካናማ እግሩ ተርንስቶን ድንጋይና የባሕር ሣር በምንቃሩ እየገለበጠ ከሥር ያለውን ስለሚለቅም «ድንጋይ ገልባጭ» ሆነ። ምንቃሩ ወደ ታች የተቆለመመውና በራሱ ላይ ጥቁርና ነጣ ያለ ሰንበር ያለው ዊምብረል «ማጭድ አፍ» ተባለ። እነዚህ ስሞች ለሌላ ሰው መግባቢያ ስለማይሆኑ በደብተሬ ከጎናቸው የሳይንስ ስማቸውን እጽፋለሁ፤ ሞገድ ተከታይዋ ለምሳሌ ካሊድሪስ አልባ ናት። ይህን ያደረገ ሰው ወፎቹን እንደማይረሳ ከራሴ አይቻለሁ። ቋንቋችን ለእነዚህ ወፎች የሚሆን ስም የማውጣት አቅም እንዳለው ማየቴም በጣም ደስ አሰኝቶኛል።

ቀለሙን የሚወድ ሰው ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት መጀመሪያ ቢመላለስ አይቆጨውም። ወደ ሰሜን ለመጓዝ የሚዘጋጁት ወፎች በዚያ ወቅት ላባቸውን ስለሚለውጡ፣ ወራቱን ሁሉ ግራጫ የነበረው ግሬይ ፕሎቨር ፊቱና ሆዱ እንደ ከሰል ይጠቁራል፤ በሳይቤሪያ አርክቲክ የሚራባው ከርሉ ሳንድፓይፐርም እንደ ሸክላ ይቀላል። በመካከላቸው ግማሽ ጎናቸው ብቻ የተለወጠ ብዙ ወፎች ስለሚኖሩ መጽሐፍ ላይ ካለው ሥዕል ጋር የማይገጥም ሲያጋጥም መደናገጥ አያስፈልግም።

ስለ መሣሪያ ብዙ አልልም። ስምንት ጊዜ የሚያቀርብና የፊት መስተዋቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ ባይኖኩላር ለማንም ይበቃል፤ በሦስት እግር መቆሚያ ላይ የሚቆም ቴሌስኮፕ ቢገኝ በዚህ ዓይነቱ ሜዳማ ስፍራ ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ይረዳል። የባሕር ጨውና አሸዋ መስተዋት ስለሚፍቁ መጀመሪያ አሸዋውን እፍ በማለት ወይም በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ፣ ከዚያ በኋላ ብቻ በንጹሕ ውኃ በረጠበ ጨርቅ መጥረግ ያስፈልጋል። በደረቅ ጨርቅ መፈግፈግ የመጀመሪያውን ባይኖኩላሬን አበላሽቶብኛል።

ሙቀቱ ግን ሰፋ ያለ ነገር ሊጻፍበት ይገባል፤ ምክንያቱም በሞቃታማ ጠረፍ የተመልካቹንም የወፎቹንም ኑሮ የሚገዛው እርሱ ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በኋላ የጋለው አሸዋ በላዩ ያለውን አየር ስለሚያሞቀው፣ በቴሌስኮፕ የሚታየው ወፍ በሚፈስ ውኃ ሥር ያለ ይመስል ይንቀጠቀጣል። ብዙ ሰው መሣሪያው የተበላሸ ይመስለዋል፤ ይበልጥ ለማቅረብም ይሞክራል፤ ነገር ግን ማጉላቱ መንቀጥቀጡንም አብሮ ያጎላዋል። መፍትሔው ማጉያውን ወደ 20 ወይም 25 ዝቅ ማድረግ፣ በደረቅ አሸዋ ላይ አቋርጦ ከማየት ይልቅ በውኃ ላይ አቋርጦ ማየት፣ ትንሽ ከፍ ያለ መቀመጫ መፈለግና ደመና ፀሐይዋን እስኪጋርዳት መጠበቅ ነው። ሰፊ ባርኔጣ፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ስስ ልብስና ከሚያስፈልግ በላይ የሚመስል የመጠጥ ውኃ የግድ ናቸው፤ ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ የጀመረው ሰው ፊቱ ላይ የትኛውም ብርቅ ወፍ ቢኖር ወዲያውኑ ወደ ጥላ መሄድ አለበት። ከዚህም ጋር ብቻውን ሆኖ ወደ ጭቃው ሜዳ መግባት አይገባም፤ ውኃው ሲመለስ ዝቅ ባሉት ቦዮች በኩል ከኋላ ዞሮ መንገድ ሊዘጋ ይችላል።

ወፎች ላብ የሚያመነጭ ዕጢ የላቸውም፤ ስለዚህ ሙቀታቸውን የሚያስወጡት በአብዛኛው አፋቸውን ከፍተው በማለክለክ ነው። ፔሊካንና ኮርሞራንት የተባሉት ዓሣ በል የውኃ ወፎች በተጨማሪ የጉሮሯቸውን ቆዳ በፍጥነት ያርገበግባሉ። እኔ በመጀመሪያ ይህን ባየሁ ጊዜ ወፎቹ እየጮኹ ድምፃቸው በነፋስ ምክንያት ያልተሰማኝ መስሎኝ ነበር። አሁን ግን አፋቸውን ከፍተው የቆሙ ብዙ ወፎች ካየሁ፣ ሙቀቱ ከብዷቸዋልና እንዲበሩ ማድረግ እንደማይገባኝ እንደ ማስጠንቀቂያ እወስደዋለሁ።

ይህን ማስጠንቀቂያ ያስተማረኝ እስከ ዛሬ የሚጸጽተኝ አንድ ጠዋት ነው። ግንቦት ነበር፤ ስደተኞቹ አብዛኞቹ ሄደዋል፤ እኔም ሌላ ነገር ባይ ብዬ ከሙላት መስመሩ በላይ ባለው የዛጎል ክምር ላይ ስሄድ በድንገት በርካታ ትንንሽ ተርኖች ከመሬት ተነሥተው በራሴ ላይ እየዞሩ ይጮኹ ጀመር። ተርን ጠባብ ክንፍና ሹል ምንቃር ያለው ነጭ የባሕር ወፍ ነው። ትዕይንቱ እጅግ አማረኝና ቆሜ ተመለከትኋቸው፤ ፎቶግራፍም አነሣሁ፤ አሥር ደቂቃ ያህል ሳልቆይ አልቀረሁም። ከዚያ ወደ እግሬ ስመለከት፣ ከጫማዬ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ጎድጎድ ባለ አሸዋ ላይ፣ ቀለማቸው ከአሸዋው የማይለይ ሁለት እንቁላሎች ነበሩ። ዙሪያዬን ስቃኝ ሌሎችም ነበሩ።

ያን ጊዜ ያላወቅሁትን ኋላ ተረዳሁ። በሞቃታማ ጠረፍ የአሸዋው ገጽ በቀትር ከ50 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ ወላጆቹ በእንቁላሎቹ ላይ የሚቀመጡትም ሊያሞቋቸው ሳይሆን ሊያጠሉላቸው ነው። ኬንቲሽ ፕሎቨር የምትባለው ትንሽ ወፍ ወደ ውኃው ሄዳ የሆዷን ላባ አርጥባ ትመለሳለች፤ እርጥበቱም ራሷንና እንቁላሎቿን ያቀዘቅዛል። ወላጆቹ በሙቀት ሰዓት ለጥቂት ደቂቃዎች ከተገለሉ በእንቁላሉ ውስጥ ያለው ጽንስ ሊሞት ይችላል። ለእኔ ውብ ትዕይንት የነበረው ለእነርሱ የጭንቀት ሰዓት ነበር። ስንቱ እንቁላል እንደ ጠፋ የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም፤ በመጣሁበት ዱካ ላይ እየረገጥሁ ወጣሁና ያን ቀን ሌላ ወፍ ለማየት ልቤ አልፈቀደም።

ስለዚህ ምልክቶቹን በዝርዝር እጽፋለሁ። ወፍ በራስ ላይ እየተወረወረ ቢጮኽ፣ ክንፉ የተሰበረ መስሎ እየተጎተተ ሊያርቅ ቢሞክር ወይም ጥቂት እርምጃ ሮጦ ወደ አንድ ቦታ ደጋግሞ ቢመለከት፣ ጎጆው በቅርብ አለ ማለት ነው። ጎጆውን ለማግኘት መሞከር አይገባም፤ ቁራና ሌሎች እንቁላል በል ወፎች የሰውን እንቅስቃሴ ስለሚከታተሉ ጎጆውን ማግኘት ለእነርሱ ማሳየት ይሆናል። እያንዳንዱን እርምጃ መሬቱን እያዩ በመጡበት መመለስ ብቻ ነው። ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ባሉት ወራት ከሙላት መስመሩ በላይ ባለው አሸዋና ዛጎል ላይ ፈጽሞ አልሄድም፤ አጥር ወይም ምልክት ባይኖርም።

በሙላት ሰዓት የሚያርፉትንም ወፎች አለማስነሣት እንዲሁ ከባድ ጉዳይ ነው። በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ምንቃሩን ከጀርባው ላባ ውስጥ ቀብሮ የሚያንቀላፋው ወፍ ሥራ ፈት አይደለም፤ ያገኘውን ኃይል እየቆጠበ ነው። ከጉዞ በፊት ባሉት ሳምንታት አንዳንዶቹ ዝርያዎች ክብደታቸው በእጥፍ እስኪጠጋ ድረስ ስብ ያከማቻሉ። ባር ቴይልድ ጎድዊት የተባለ ዝርያ አንድ ወጣት ወፍ፣ 234684 የሚል ቁጥር ያለው መከታተያ መሣሪያ ተገጥሞለት፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ከአላስካ ተነሥቶ በየትም ሳያርፍ 13,560 ኪሎ ሜትር በ11 ቀናት በርሮ አውስትራሊያ ውስጥ ታዝማኒያ ደርሷል። እንዲህ ያለውን መንገድ የሚሸፍነው ስብ የሚጠራቀመው እኛ በምንመለከተው ጭቃ ላይ ነው፤ በየሙላቱ ሦስትና አራት ጊዜ የተባረረ መንጋ ለጉዞ የሰበሰበውን በከንቱ ያቃጥላል። ያንቀላፉ ወፎች ራሳቸውን ቀና አድርገው ወደ አንድ አቅጣጫ መመልከት ከጀመሩ ተመልካቹ አስቀድሞ ከሚገባው በላይ ቀርቧል፤ ሳይበሩ ወደ ኋላ ማለት ይገባዋል። ድሮን ማስነሣትም ሆነ ውሻ መልቀቅ በዚህ ሰዓት ሊፈጸም የማይገባው ነገር ነው።

ውኃው ሞልቶ ሁሉም ጸጥ ሲል ወደ ማንግሮቩ ጥላ እሄዳለሁ። እዚያ ነጭ ሳቢሳ ጥልቀት በሌለው ውኃ ቆሞ ቢጫ ጣቶቹን እያንቀጠቀጠ ከሥር የተደበቁትን ትንንሽ ዓሦች ሲያስበረግግ ይታያል። ኦስፕሬይ የተባለው ዓሣ አዳኝ ጭልፊትም ብዙ ጊዜ በደረቀ ቅርንጫፍ ላይ ይቀመጣል፤ የውጪ ጣቱ ወደ ኋላ የሚዞር፣ የእግሩ ውስጠኛ ክፍልም ሻካራ ስለ ሆነ የሚያሟልጨውን ዓሣ አይለቀውም፤ ይዞ ሲበርም የዓሣውን ጭንቅላት ወደ ፊት ያደርገዋል።

መመዝገብን ከመጀመሪያው ቀን መጀመር እንደሚገባ አጥብቄ እመክራለሁ። ትልቅ መንጋ ሲያጋጥም አንድ በአንድ ለመቁጠር መሞከር አይሳካም፤ አሥር ወፎችን ቆጥሮ የሚይዙትን ስፋት በዓይን መያዝ፣ ያንኑ ስፋት በመንጋው ላይ እየደጋገሙ ማለፍ፣ ከዚያም ሁለተኛ ከወዲያ ወደዚህ ቆጥሮ ማመሳከር ይሻላል። ዓለም አቀፉ የውኃ ወፎች ቆጠራ ከ1967 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ በጥር የሚካሄደው በአብዛኛው በዚህ መንገድ በሚቆጥሩ በጎ ፈቃደኞች ነው። እግሩ ላይ ተመራማሪዎች ያሰሩለት ባለ ቀለም ቀለበት ወይም ትንሽ ባንዲራ ያለው ወፍ ከታየ ደግሞ ቀለሙን፣ በቀኝ ወይም በግራ እግር መሆኑን፣ ከመገጣጠሚያው በላይ ወይም በታች መሆኑን፣ ፊደልና ቁጥር ካለው እርሱንም ወዲያውኑ መጻፍ ያስፈልጋል። በ2002 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ኢበርድ የተባለው የኢንተርኔት መዝገብ ማንኛውም ሰው ያየውን የሚያስመዘግብበት ስለ ሆነ ምልከታን እዚያ ማስገባት ጥሩ ነው።

ይህን የምለው ስለ አንድ ወፍ ስለማስብ ነው። ስሌንደር ቢልድ ከርሉ የተባለው ቀጭን ምንቃር ያለው ወፍ ለመጨረሻ ጊዜ ያለ ጥርጥር የታየው በ1995 እ.ኤ.አ. የካቲት ወር፣ ሞሮኮ ውስጥ መርጃ ዘርጋ በተባለ የባሕር ጠረፍ ረግረግ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የተረጋገጠ ምልከታ ባለመገኘቱ ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በ2025 እ.ኤ.አ. ከምድር መጥፋቱን አስታውቋል። ማጭድ አፍ የምለውን ዘመዱን በጭቃው ላይ ባየሁ ቁጥር ያ ወፍ ትዝ ይለኛል፤ አሥር ዊምብረል ሳይ ዘጠኝ ብዬ እንዳልጽፍም የምጠነቀቀው በዚህ ምክንያት ነው።

በአንድ ፓርክ ለዓመታት የተመላለሰ ሰው ሊያየው ከሚችለው ሁሉ የስደተኞቹ መነሣት ይበልጥብኛል። የሚሆነው በሚያዝያ መጨረሻና በግንቦት መጀመሪያ፣ አመሻሽ ላይ በሚውል ሙላት፣ ሰማዩ በጠራበት ቀን ነው። አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሰዓት ጸጥ ብለው የሚያርፉት ወፎች ያን ቀን አያንቀላፉም፤ ይታጠባሉ፤ ላባቸውን ያስተካክላሉ፤ ያለማቋረጥ ይጣራሉ። ባለፈው ዓመት በዚህ ሁኔታ ላይ የደረስሁበት ሆዳቸው የጠቆረ የግሬይ ፕሎቨሮች መንጋ በአንድ ጊዜ ተነሥቶ፣ በባሕሩ ላይ ሁለት ጊዜ ከዞረ በኋላ በተራዘመ መስመር ተሰልፎ ወደ ሰሜን ከፍ እያለ ሲሄድ፣ ባይኖኩላሬን ከዓይኔ ሳላወርድ ተከተልሁት። ሁለት ወፎች ከመስመሩ ተለይተው ተመለሱ፤ የቀሩት ግን አልተመለሱም። በዛጎሉ ክምር ጫፍ ላይ የዘንድሮውን ጉዞ የማይሄዱ፣ ደረታቸው ገና ግራጫ የሆነ ወጣቶች ቀርተው ነበር፤ አሥራ አንድ መሆናቸውን ሁለት ጊዜ ቆጥሬ ጻፍሁ። ደብተሬን ስዘጋ ውኃው መሸሽ ጀምሮ የጭቃዋ ሰርጥ ታየች፤ አሥራ አንዱም አንድ በአንድ ወደ እርሷ ወረዱ።